ተጨማሪ መረጃ፦ የጠፈር አይጦች ሲሳይ
በዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ በወላይታ ሶዶ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች፣ አይጥ ከበቆሎ ጎተራ ገብታ እንደ ልቧ የምትመገበው እህሉ ከተቀመጠበት ስለማይነሣ ነው፤ ክብደት በማይታወቅበት የጠፈር መንኰራኵር ውስጥ ግን ፍርፋሪውና ጠብታው ሁሉ በአየር እየተንሳፈፈ መሣሪያውንም የእንስሳቱንም ሳንባ ስለሚያውክ፣ ሊቃውንቱ የሲሳይን ሥርዓት እንደ ገና ይደነግጉ ዘንድ ግድ ሆነባቸው። ስለዚህም የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ የእህል ዱቄትን ከፕሮቲን፣ ከስብ፣ ከቪታሚንና ከውኃ ጋር አስለውሶ፣ በጋማ ጨረር ከተሕዋስያን አንጽቶ፣ የቤተ ሙከራ አይጦች እየተንሳፈፉ ይግጡት ዘንድ ከማደሪያቸው ግድግዳ ጋር የሚጣበቅ ጥፍጥፍ አዘጋጀ፤ ውኃውም በአፍ ሲነካ ብቻ ከሚፈስ ቧንቧ ይጠጣል። በ2014 (እ.ኤ.አ.) ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የተላኩት 20 አይጦች በዚህ መልክ ተመግበዋል።

ሩሲያውያን በበኩላቸው በ2013 (እ.ኤ.አ.) በቢዮን ኤም 1 ሳተላይት 45 አይጦችን ሲልኩ፣ ምግብንና ውኃን ባንድነት የያዘ ሊጥ መሳይ መብል በየጊዜው በመሣሪያ እንዲታደል አደረጉ። በምድር ቢሆን ጠባቂው ፈጥኖ በደረሰ ነበር፤ በሰማይ ግን ማንም አልነበረምና፣ የአንዱ ክፍል መጋቢ መሣሪያ በተበላሸ ጊዜ በዚያ የነበሩት አለቁ፤ ሌላም ብልሽት ተጨምሮበት፣ ከ30 ቀን በኋላ በሕይወት የተመለሱት 16 ብቻ ናቸው።