የስፔሊንግ ውድድር በመገናኛ ብዙኃን ዓይን

መግቢያ

ተማሪዎችን በዕውቀት ማወዳደር በብዙ አገሮች የታወቀ ልማድ ነው። በአሜሪካ ለረጅም ዘመን የመገናኛ ብዙኃንን ትኩረት ስቦ የኖረው ደግሞ፣ ቃል ሰምቶ ሆሄያቱን በቃል የመዘርዘር ወይም በተለምዶ የስፔሊንግ የሚባለው ውድድር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጋዜጣና ቴሌቪዥን ውድድሩን እንዴት እንዳቀረቡት መግለጽና መምህራንና የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ከዚሁ ሊያስተውሉት የሚገባውን ማመልከት ነው። የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በእንግሊዝኛ የቃሉ አነባበብና አጻጻፍ ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። በአማርኛ የአጻጻፍ ችግር ባመዛኙ እንደ ሀ፣ ሐ እና ኀ ባሉት ሞክሼ ሆሄያት ምርጫ ላይ ሲወሰን፣ በእንግሊዝኛ ግን የቃሉን ትርጉም፣ ሥርወ ቃልና የመጣበትን ቋንቋ መመርመር ያስፈልጋል። ተወዳዳሪው እነዚህን ከመድረክ ላይ ሆኖ እንዲጠይቅ የሚፈቀድለትም ስለዚህ ነው።

የጋዜጦች ድርሻ

የመጀመሪያውን አገር አቀፍ ውድድር በ1925 ያስጀመረው በኬንታኪ የሚታተመው የሉዊቪል ኩሪየር ጆርናል ጋዜጣ ነበር። በዚያ ዓመት ዘጠኝ ጋዜጦች ተሳትፈው የ11 ዓመቱ ፍራንክ ኒውሃውዘር «ግላዲዮለስ» የተባለውን የአበባ ስም በትክክል ዘርዝሮ አሸነፈ። በ1941 አዘጋጅነቱን የተረከበው ስክሪፕስ ሃዋርድም የጋዜጦች ባለቤት የሆነ ድርጅት ነበር። እንግዲህ ጋዜጣው የውድድሩ ተመልካች ብቻ አልነበረም፤ በአካባቢው ተማሪዎችን አወዳድሮ አሸናፊውን ወደ ዋሽንግተን ይልካል፣ መልሶም ስለ ላከው ልጅ ይጽፋል። ይህ አሠራር ለጋዜጣው አንባቢ ቢያስገኝለትም፣ ዘጋቢው ልጁን በቅርብ እንዲያውቀው ረድቷል።

የዚህ ቅርበት ጥቅም በ1936 ታይቷል። ከኦሃዮ ግዛት ከአክረን ከተማ የመጣችው የ13 ዓመቷ ጥቁር አሜሪካዊት ማክኖሊያ ኮክስ በዘር ልዩነት ምክንያት ከሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ጋር በአንድ ሆቴል እንዳታርፍ፣ በግብዣውም ላይ ለብቻዋ እንድትቀመጥ ተደርጎ ነበር። ይህ ሁሉ ሳይበግራት ከመጨረሻዎቹ አምስት ተወዳዳሪዎች አንዷ ሆነች። በመጨረሻ የተሰናከለችው «ኔመሲስ» በሚለው ቃል ነው። ከከተማዋ ጋዜጣ አብራት የተላከችው ጋዜጠኛ፣ ቃሉ የግሪኮች አምላክ የተጸውኦ ስም ስለሆነ በደንቡ መሠረት ሊጠየቅ አይገባም ስትል ተቃወመች፤ ዳኞቹ ግን አልተቀበሏትም። ዘጋቢ ውጤቱን ከመቁጠር አልፎ የዳኝነቱን አግባብነት መመርመር እንደሚገባው ይህ በቂ ምስክር ነው።

የቴሌቪዥን አቀራረብ

ከ1994 ጀምሮ ኢኤስፒኤን የተባለው የስፖርት ጣቢያ ውድድሩን ለብዙ ዓመታት አሰራጨ። የቴሌቪዥን ባሕርይ ጥድፊያንና ጭንቀትን ለማሳየት ስለሚመች፣ የካሜራው ትኩረት በልጁ ፊት፣ በወላጆቹ ሁኔታና ስህተትን በሚያበስረው ደወል ላይ ሆነ። በ2004 አንድ ተወዳዳሪ መድረክ ላይ ራሱን ስቶ ከወደቀ በኋላ ተነስቶ የተሰጠውን ቃል በትክክል ዘረዘረ። ተደጋግሞ የታየው አወዳደቁ ሲሆን፣ በዚያው ውድድር ሁለተኛ መውጣቱን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

ከዚህም ሌላ፣ ከ2008 እስከ 2019 በየዓመቱ ካሸነፉት መካከል የሕንድ ተወላጅ ወላጆች ልጆች ያልነበሩበት ጊዜ የለም። ይህን በተፈጥሮ ተሰጥዎ ብቻ ለመተርጎም የሞከሩ ዘገባዎች ነበሩ። ነገር ግን ኖርዝ ሳውዝ ፋውንዴሽን የተባለው በ1989 የተመሠረተ ማኅበር ለእነዚሁ ልጆች የራሱን ውድድሮች ሲያዘጋጅ ቆይቷል። ለመምህር የሚጠቅመውም የልምምዱ ሥርዓት እንጂ የዘር ግምቱ አይደለም። በ1999 የተወዳደሩ ስምንት ልጆችን ከየቤታቸው ጀምሮ የተከታተለው «ስፔልባውንድ» የተባለው የ2002 ዘጋቢ ፊልም በዚህ ረገድ የተሻለ አርአያ ነው።

በውድድሩ ደንብም ሁለት ዝንባሌዎች ይታያሉ። በ2013 የቃላት ትርጉም ፈተና ተጨመረ፤ ይህም የማስተዋልን ችሎታ ያበረታታል። በ2019 ስምንት ልጆች በእኩልነት ካሸነፉ በኋላ ደግሞ፣ በ90 ሴኮንድ ውስጥ ብዙ ቃላትን በመዘርዘር አሸናፊውን የሚለይ ደንብ ወጥቶ በ2022 ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራ ላይ ዋለ። በዚያው ዓመት ስርጭቱ ወደ አዘጋጁ ድርጅት ጣቢያዎች ተዛወረ፤ ስለዚህ እንደ ጥንቱ ሁሉ አዘጋጁና አቅራቢው አንድ ሆኑ።

ማጠቃለያ

በአገራችንም በትምህርት ቤትና በመገናኛ ብዙኃን የሚካሄዱ የጥያቄና መልስ ውድድሮች ስላሉ ጉዳዩ ከኛ የራቀ አይደለም። መገናኛ ብዙኃን የሚያሳዩት የመጨረሻዋን ደቂቃ ነው፤ ትምህርቱ ግን የተከናወነው ከዚያ በፊት በነበሩት ወራትና ዓመታት ነው። ስለሆነም መምህሩና የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ አሸናፊውን ከማስታወቅ ጋር፣ ተማሪው እንዴት እንዳጠና ቢያስረዱ፣ የተሳሳተበትንም ጥያቄ ለክፍሉ ሁሉ መማሪያ ቢያደርጉ ይበጃል። ዕቅድ አውጪውም ውድድር ሲያዘጋጅ፣ የተሸነፈው ልጅ ከመድረክ ሲወርድ የሚቀበለው ማን እንደሆነና የዳኝነቱን ስህተት መርምሮ የሚያርመው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ሊወስን ይገባል። አንድ አሸናፊ ወጥቶ የቀሩት ሁሉ አፍረው የሚመለሱበት ውድድር ለተመልካች ጥሩ ትርዒት ሊሆን ይችላል፤ የትምህርት መሣሪያ ግን ሊባል አይችልም።