ኮክፒት ላይ የሚቀረጽ ጽሑፍ፦ ተረትና እውነታ

በግል ስለሚሠራ አውሮፕላን ሲወራ ጨዋታው ስለ ሞተርና ስለ ክንፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር አዲስ አበባ ላይ የሠራት፣ በ2024 ከጣሊያን የተመለሰችው «ፀሐይ» በዚሁ ትነሣለች። እ.ኤ.አ. በ2015 አስመላሽ ዘፈሩ በቮልስዋገን ሞተር የገጣጠማት «ኬ-570ኤ» እንዲሁ። አብራሪው ፊት ለፊት ባለው ሰሌዳ ላይ ምን እንደሚጻፍ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የሚጠይቀውም የሚሰማው መልስ ብዙ ጊዜ ተረት ነው።

«ጌጥ ነው፣ መጨረሻ ላይ ይደርሳል» የሚለው ይቅደም። ማብሪያዎቹ መልካቸው አንድ ነው፤ የነዳጅ ፓምፑን ከማረፊያ መብራቱ የሚለየው ከሥሩ የተጻፈው ቃል ብቻ ነው። ደግሞም ሽቦና ሰዓት የተገጠመለት ሰሌዳ መቅረጫ ማሽን ላይ አይወጣም። ቀዳዳው ይበሳል፣ ሰሌዳው ይቀባል፣ ጽሑፉ ይቀረጻል፤ መሣሪያው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።

«ጠልቆ ከተቀረጸ ይነበባል» የሚሉም አሉ። ፒያሳ ወርቅ ቤት ቀለበት ውስጥ ስም ያስቀረጸ ሰው ያውቀዋል፦ ወርቅ በወርቅ ላይ የተጻፈ ስም የሚታየው ቀለበቱን ወደ ብርሃን ዘንበል ሲያደርጉት ነው። አውሮፕላን ውስጥ ሰሌዳውን ማዘንበል የለም። የሚያስነብበው የቀለም ልዩነት እንጂ ጥልቀት አይደለም። ለቢሮ በር ስም የሚቀረጽበት ባለ ሁለት ቀለም ፕላስቲክ የተፈለሰፈው ለዚህ ነው፤ ላዩ ስስ ጥቁር፣ ሥሩ ነጭ፣ ጥቁሩ ሲፋቅ ነጩ ይወጣል። ብረት ላይ ከሆነ የተቀረጸው ጎድጓዳ በቀለም ተሞልቶ ትርፉ ይጠረጋል።

«ሌዘር ካለ ሁሉም ያልቃል» የሚለው ደግሞ ገንዘብ ያስበላል። እንጨትና ፕሌክሲግላስ የሚቆርጠው የተለመደው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ባዶ አሉሚኒየም ላይ ሲያርፍ ብርሃኑ ይንጸባረቅና ምንም ሳይጽፍ ይቀራል። አኖዳይዝድ ተደርጎ ቀለም የጠጣ አሉሚኒየም ከሆነ ቀለሙን አንጥቶ ጥርት ያለ ጽሑፍ ያወጣል፤ ባዶው ላይ ለመጻፍ ፋይበር ሌዘር ያስፈልጋል። ፒቪሲ ይዞ የሚመጣ ደንበኛን ግን ባለሙያው ቢመልሰው ልክ ነው። ሲቃጠል የሚወጣው ክሎሪን ያለበት ጋዝ ማሽኑን ይበላል፣ ሳንባንም አይምርም።

«ቀይ ፊደል ጎልቶ ይታያል» የሚለውም ቀን ላይ እውነት ነው። ሌሊት በቀይ መብራት ሥር ነጭ ሰሌዳ ላይ ያለ ቀይ ጽሑፍ ይጠፋል።

እኔን የሚያናድደኝ «የማኅተም ቀራጭ ስለ አውሮፕላን ምን ያውቃል?» የሚለው ንቀት ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ብዙ ሱቅ ተበትኗል፤ ሙያው ግን አብሮ አልፈረሰም። ማኅተምና ቲተር የሚሠራ ሰው ፊደሉን ገልብጦ ነው የሚያየው። በጣት ከመነካካት እንዲድን ታስቦ ጽሑፉ በግልጽ ፕላስቲክ ጀርባ ሲቀረጽ፣ ከኋላ ቀለም ሲቀባና ከፊት ሲነበብ ሥራው ያው የተገለበጠ ነው። ስለ ነዳጅ ፓምፕ ማወቅ አይጠበቅበትም፤ አሠሪው ቃሉን አጥርቶ ይጻፍለት።

ፊደላችን ለኮክፒት አይሆንም የሚለውም መሠረት የለውም። የነገሥታቱ ማኅተሞች በግእዝ ፊደል ተቀርጸዋል። ጥንቃቄ የሚያሻው መጠኑ ላይ ነው፦ የ«ሱ» ጭራ ከወገቡ፣ የ«ሲ» ከእግሩ ይወጣል፤ ፊደሉ ካነሰና ቀለሙ ከፈሰሰ ሁለቱ ይምታታሉ። ስለዚህ ወደ ቀራጩ ከመሄድ በፊት ንድፉን በትክክለኛ መጠኑ ወረቀት ላይ አትሞ ሰሌዳው ላይ መለጠፍ፣ መቀመጫው ላይ ቁጭ ብሎ መብራቱን ቀንሶ ማንበብ ነው። የተምታታው ፊደል ይተለቅ፤ ወረቀት ርካሽ ነው።