ጠገራ ብር በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል

ጠገራ ብር (የማሪያ ቴሬዛ ብር) የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት፣ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል በኢትዮጵያ ዋና መገበያያ የነበረ ገንዘብ ነው። መቼም ቢመታ የተጻፈበት ዓመት 1780 እ.ኤ.አ. ነው። አንዱ 28 ግራም ገደማ ስለሚመዝን 1,000 ብር 28 ኪሎ ያህል ጭነት ነበር። በበጌምድርና በሌሎች የሰሜን ደጋ ገበያዎች ለአነስተኛ ግብይት አሞሌ ጨው ያገለግል ነበር።

የጠገራ ዋጋ የሚወሰነው በውስጡ ባለው የብር ማዕድን እንጂ በመንግሥት አዋጅ አልነበረም። ከ1929 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ማዕድኑ በዓለም ገበያ በግማሽ ገደማ ሲረክስ፣ ከውጭ የሚገባ ጨርቅና ሌላ ሸቀጥ በጠገራ ሲገዛ ተወደደ። የቡና ዋጋም በዚያው ወቅት በመውደቁ የአገሪቱ የውጭ ንግድ ከሁለት በኩል ተጎዳ።

በ1931 እ.ኤ.አ. የአቢሲኒያ ባንክን የተካው የኢትዮጵያ ባንክ የወረቀት ገንዘብ ቢያወጣም፣ ገጠሩ ጠገራን አልተወም። በ1935 እ.ኤ.አ. ጣሊያን የመምቻውን ቅርጽ ከኦስትሪያ አግኝታ ጠገራ በሮም መምታት ጀመረች፤ ኢትዮጵያን ለመውረር የተዘጋጀው መንግሥት የኢትዮጵያን መገበያያ ራሱ የሚያመርት ሆነ። አዲሱ የኢትዮጵያ ብር የወጣው በ1945 እ.ኤ.አ. ነው።