ደጋ የለመደ አካል በባሕረ ሰላጤው ሐምሌ

ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ ጋቢና ጃንጥላ ታስይዛለች። በዚያው ሳምንት ሪያድ ወይም ኩዌት ያለ ኢትዮጵያዊ ግን 45 ዲግሪ ሴልሺየስን በሚሻገር ሙቀት ውስጥ ሊውል ይችላል። በኩዌት ሚትሪባ ሐምሌ 14 ቀን 2008 ዓ.ም. የተለካው 53.9 ዲግሪ በዓለም ከተረጋገጡት እጅግ ከፍተኛ ሙቀቶች አንዱ ነው። ከደጋ ተነሥቶ እዚያ ለሚያርፍ ሰው ደግሞ ከሁሉም የሚያሰጉት የመጀመሪያዎቹ ቀናት ናቸው።

ጤናማ ሰው የውስጥ ሙቀቱ 37 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሲሞቀው ደሙ ወደ ቆዳው ይበዛል፣ ያልበዋል፤ ላቡ ሲተን ሙቀቱን ይዞለት ይሄዳል። አዲስ መጪው ይህን ገና አልለመደም። በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ቶሎ ማላብ ይጀምራል፣ በላቡ የሚወጣው ጨውም ይቀንሳል። እስከዚያው ከባድ ሥራ ቀስ በቀስ ሊጨመርለት ይገባል። እንደ ዱባይና ዶሃ ባሉ የባሕር ዳርቻ ከተሞች አየሩ እርጥበት ስለሚሸከም ላብ በቀላሉ አይተንም፤ ሰው በላብ ርሶም አይበርድለትም።

መንግሥታቱ አደጋውን ያውቁታል። ኩዌት ከግንቦት 24 እስከ ነሐሴ 25 ከረፋዱ 5 እስከ 10 ሰዓት ፀሐይ ላይ ማሠራትን ትከለክላለች። የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶችም ከሰኔ 8 እስከ መስከረም 5 ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ሥራ ታስቆማለች። ክልከላው ግን የደጅ ሥራን የሚመለከት ነው። ምድጃ ፊት የምትውለው፣ ልብስና ምንጣፍ የምታጥበው የቤት ሠራተኛ በዚህ ሰዓት እረፍት የሚሰጣት አሠሪዋ ብቻ ነው። ይህ ክፍተት ብዙ እህቶቻችንን ይነካል።

ጥላ ማግኘት አለማግኘት የሕይወት ጉዳይ መሆኑን የሰኔ 2016ቱ ሐጅ በመራራ ሁኔታ አሳይቷል። መካ ከ51 ዲግሪ በላይ በሞቀችበት በዚያ ወቅት ከ1,300 በላይ ሰዎች ሞተዋል። አብዛኞቹ ፈቃድ ያልነበራቸው፣ ፀሐይ ላይ ረጅም መንገድ በእግር የተጓዙ ነበሩ።

በሙቀት የሚመጣው ሕመም ብዙ ጊዜ ምልክት ይሰጣል፤ ብዙ ማላብ፣ ራስ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጡንቻ መሸማቀቅ፣ የሽንት መጥቆር። በዚህ ጊዜ ሥራ ማቆም፣ ጥላ ውስጥ ማረፍና ውኃ ቶሎ ቶሎ መጎንጨት ይረዳል። ብዙ ላበው ለሚሠሩ ሰዎች በየ15 እስከ 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ይመከራል፤ ጥም እስኪመጣ መጠበቅ የለባቸውም። ለሰዓታት ላበው ከሆነ ኦአርኤስ ወይም ጨው ያለው ምግብ ያስፈልጋቸዋል።

ሰውየው ንግግሩ ከተዛባ፣ ያለበት ከጠፋው፣ ከተንገዳገደ ወይም ራሱን ከሳተ ግን ነገሩ ተለውጧል። ሐኪሞች የሙቀት ምት የሚሉት ይህ ነው፤ የውስጥ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፣ አንጎልንና ኩላሊትን ይጎዳል። ላቡ እስኪቆም መጠበቅ ስሕተት ነው፤ ብዙዎች እያላባቸው ይወድቃሉ። እንደ ፓራሲታሞል ያለ የትኩሳት መድኃኒትም አይሠራም፣ ሙቀቱ የመጣው ከውጭና ከድካም እንጂ ከኢንፌክሽን አይደለምና። የሚያድነው ፈጣን ማቀዝቀዝ ነው። ልብሱን ማቅለል፣ መላ አካሉን በቀዝቃዛ ውኃ ማራስ፣ ማራገብ፣ በረዶ ካለ በጨርቅ ጠቅልሎ አንገቱ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ ማድረግ። ራሱን ለሳተ ሰው የሚጠጣ አይሰጥም፤ ትንታ ሊገድለው ይችላል።

አንዱ ሲያቀዝቅዝ ሌላው አምቡላንስ ይጥራ፤ በሳዑዲ 997፣ በኤሚሬቶች 998፣ በኳታር 999፣ በኩዌት 112 ነው። ማቀዝቀዙ አምቡላንሱ እስኪደርስ አይቋረጥም።