ጎታና መኝታ በአንድ ጣሪያ ሥር

በምሥራቅ ጎጃም ገጠር፣ በደብረ ወርቅም ሆነ በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ፣ የተወቃው ጤፍና ስንዴ አብዛኛውን ጊዜ የሚከተተው ቤተሰቡ በሚያድርበት ቤት ነው። ለነቀዝ የተገዛ መርዝ እንግዲህ ከመኝታው ጎን ያድራል። ከመርዞቹ ሁሉ ይበልጥ የሚያሰጋው አሉሚኒየም ፎስፋይድ የሚባለው ክኒን ነው። 3 ግራም የሚመዝነው አንዱ ፍሬ እርጥበት ሲያገኘው 1 ግራም ያህል ፎስፊን የተባለ ጋዝ ይለቃል፤ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ መሬት መሬቱን ይሄዳል፣ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። በደንብ በታሸገ መጋዘን፣ ሰው በሌለበት፣ በሠለጠነ እጅ ሲውል እህል ያድናል። አንድ ክፍል ጎጆ ውስጥ ግን ሕፃናት ይጨርሳል።

ሕግ ስለሌለ አይደለም። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ ማስገባትንና መሸጥን ይከለክላል፤ በማሸጊያው ላይ መለያ ጽሑፍ እንዲኖርም ያዛል። ጥበቃው የሚፈርሰው ማሸጊያው ተከፍቶ ክኒኑ በፍሬ፣ ፈሳሽ መርዝም በሃይላንድ ጠርሙስ ሲቸረቸር ነው። ያን ጊዜ ስሙም፣ መጠኑም፣ ማስጠንቀቂያውም ከገዢው ጋር ወደ ቤት አይሄድም። ስለዚህ ቁጥጥሩ መበርታት ያለበት ከጉምሩክ ይልቅ በገበያ ቀን፣ በቸርቻሪው ፊት ነው እላለሁ።

ገበሬው ዓመት የለፋበትን ለነቀዝ ይስጥ ወይ? የሚል ይኖራል፤ ጥያቄው እውነት አለው። እህል ያጣ ቤት ይራባል። ነገር ግን ምርጫው መርዝ ወይም ነቀዝ ብቻ አይደለም። ሁለት የፕላስቲክ ሽፋን ከውስጥ ያለው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት አየር ስለማያስገባ ነቀዙን አፍኖ ይገድለዋል። ከክኒን ይወደዳል፣ አይጥም ሊበሳው ይችላል፤ ከመሬት ከፍ አድርገው ካስቀመጡትና ካልተበሳ ግን ለከርሞም ያገለግላል። ቀበሌ ባለሙያ ከየት ያመጣል ለሚለውም፣ በ1995 ከተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ፓኬጆች አንዱ ነፍሳትንና አይጦችን መቆጣጠር ነው። ቤት ለቤት የምትሄደው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና የግብርና ባለሙያው እህሉ የት እንደተቀመጠ አብረው ቢያዩ፣ ክኒንም የሚሸጠው በባለሙያ ለሚታከም የተለየ ጎተራ ብቻ ቢሆን፣ አዋጁ እስከ ደጃፉ ይደርሳል።