ሕመም የሌለው ደም

በጎንደርና በትግራይ የቤተ እስራኤል መንደሮች ደም ያየች ሴት ከቤቷ ወጥታ መንደሩ ዳር ወደተሠራው የመርገም ጎጆ ትገባ ነበር። ጎጆው ዙሪያውን በድንጋይ የተከበበ ነው። ምግብ የሚያመጡላት ሰዎች ድንጋዩን ሳያልፉ አስቀምጠውላት ይመለሳሉ። ስትወልድም ለወንድ ልጅ 40 ቀን፣ ለሴት ልጅ 80 ቀን ተለይታ ትቆያለች። በዚህ ሥርዓት ያደጉ ብዙ ሴቶች እ.ኤ.አ. በ1984 እና 1985 በዘመቻ ሙሴ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን እስራኤል ገቡ። ከቴል አቪቭ በስተሰሜን ባሕር ዳር ያለችው ናታንያ በአገሪቱ የኢትዮጵያ ተወላጆች በብዛት ከሚኖሩባቸው ከተሞች አንዷ ናት። የያኔዎቹ ወጣቶች ዛሬ እዚያ የልጅ ልጅ ያሳድጋሉ።

ጎጆው ቀርቷል። ስለ ደም በይፋ አለማውራት ግን በየቤቱ አለ። ይህን የማነሣው ወጉን ለመንቀፍ አይደለም፤ ጎጆው ሴቲቱ ከውኃ መቅዳትና ከወፍጮ የምታርፍበት፣ ከሴት ጓደኞቿ ጋር የምታወጋበት ቦታም ነበር። ነገር ግን ዝምታ ሕይወት የሚያስከፍልበት አንድ የእርግዝና ችግር አለና እሱን በደንብ ማወቅ ያስፈልጋል።

የእንግዴ ልጅ ብዙውን ጊዜ የሚጣበቀው በማሕፀን የላይኛው ክፍል ነው። አንዳንዴ ግን ታች ወርዶ ልጁ የሚወጣበትን የማሕፀን በር በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል። ሕክምናው ፕላሴንታ ፕሪቪያ ይለዋል፤ የናታንያ ሐኪም በዕብራይስጥ ሺልያት ፔታሕ ብሎ ይጽፈዋል። ከ200 ወሊዶች በአንዱ ገደማ ያጋጥማል። ቀደም ሲል በኦፕራሲዮን የወለደች፣ ማሕፀኗ የተጠረገ፣ ብዙ ጊዜ የወለደች፣ ዕድሜዋ የገፋ፣ መንታ ያረገዘች ወይም ሲጋራ የምታጨስ ሴት ይበልጥ ትጋለጣለች። ምንም ምክንያት የሌላትም ትያዛለች። ከባድ ዕቃ ስላነሣች ወይም ስለተናደደች የሚመጣ ነገር አይደለም፤ ራሷን የምትወቅስበት አንዳች ምክንያት የለም።

እርግዝናው ከግማሽ ሲያልፍ የማሕፀኑ የታችኛው ክፍል እየሳሳና እየተለጠጠ ይሄዳል። በሩን የሸፈነው የእንግዴ ልጅ ግን አብሮ አይለጠጥም፤ ጠርዙ ከተጣበቀበት ይላቀቅና ደም ሥሮቹ ይከፈታሉ። ደሙ ደማቅ ቀይ ነው፤ ድንገት ይመጣል፤ አያምም። ሴቲቱ ከእንቅልፏ ነቅታ አንሶላው ላይ ልታየው ትችላለች። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው መድማት በራሱ ይቆማል፤ አደገኛው ነገርም ይኸው ነው። ሕመም የለም፣ ምጥ የለም፣ ደሙም ቆሟል፤ እንግዲህ ነገ ይታያል ይባላል። የሚቀጥለው መድማት ግን መቼ እንደሚመጣና ምን ያህል እንደሚሆን ማንም አያውቅም።

ስለዚህ ነፍሰ ጡር ደም ካየች፣ ትንሽም ይሁን ብዙ፣ የዚያኑ ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው። ደሙ የበረታ ከሆነ 101 ተደውሎ የማጌን ዳቪድ አዶም አምቡላንስ ይጠራል። ሰንበት ቢሆንም ይደወላል፤ በአይሁድ ሕግ ነፍስ ማዳን ሰንበትን ይሽራል። በኪርያት ሳንዝ ሰፈር የሚገኘውን የናታንያውን ላኒያዶ ሆስፒታል የመሠረቱት ሚስታቸውንና ልጆቻቸውን በናዚዎች እልቂት ያጡት ረቢ ይኩቲኤል ይሁዳ ሃልበርሽታም ናቸው። ይህን የመሰለ ሃይማኖተኛ ሆስፒታልም ሐሙስ እንደሚያዋልደው ሁሉ ቅዳሜ ያዋልዳል። የእንግዴ ልጇ በሩ ላይ መሆኑን አስቀድማ ካወቀች፣ ሆስፒታል ስትደርስ መጀመሪያ የምትናገረው እሱን ነው። ይህ ሳይታወቅ በጣት የሚደረግ ምርመራ ከባድ ደም ሊያስከትል ይችላል።

ደም ሳይታይም ችግሩ በአልትራሳውንድ ይገኛል፤ በተለይ በ20ኛው ሳምንት አካባቢ የልጁ አካል አንድ በአንድ በሚታይበት ምርመራ። ሐኪሟ ከእንግዴ ልጁ ጠርዝ እስከ ማሕፀን በር ያለውን ርቀት በሚሊሜትር ትለካለች። ከ20 ሚሊሜትር በታች ከሆነ ዝቅ ብሏል ይባላል፤ በሩ ላይ ካረፈ ፕሪቪያ ነው። በዚያ ዕለት አልቅሰው የሚወጡ እናቶች ብዙ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ነገሩ ይስተካከላል፤ በዚያ ወቅት ዝቅ ብሎ ከታየው ከ10 ዘጠኝ ያህሉ እስከ መውለጃ ጊዜ ከበሩ ይርቃል። ማሕፀኑ ሲያድግ የሚሆነው፣ ፊኛ ላይ የተለጠፈ ነጥብ ፊኛው ሲነፋ ከአፉ እንደሚርቅ ነው። ስለዚህ በ32ኛው ሳምንት ገደማ እንደገና ይለካል። ልኬቱ ትክክል የሚሆነው በብልት በኩል በሚገባ ቀጭን መሣሪያ ነው፤ መሣሪያው የማሕፀኑን በር አይነካም፣ ደምም አያስነሣም።

ስለ ሆድ ማሸት አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። የእንግዴ ልጁ ታች ሲይዝ የልጁ ጭንቅላት መውረጃ ያጣና ልጁ ብዙ ጊዜ አግድም ወይም በቂጡ ይቀመጣል። አገር ቤት ልምድ ያላቸው አዋላጆች እንዲህ ያለውን ልጅ እጃቸውን ቅቤ ቀብተው ሆድ በማሸት ለማዞር ይሞክራሉ፤ ናታንያም ውስጥ በፍቅር እጇን የምትዘረጋ አያት ትኖራለች። ፕሪቪያ ላለባት ሴት ይህ ፈጽሞ አይደረግም። ማሸት የእንግዴ ልጁን ከቦታው አያነሣውም፤ ደም ግን ሊያስነሣ ይችላል።

የቀሩት ወራት የጥበቃ ናቸው። ሐኪሙ የግብረ ሥጋ ግንኙነትና ከባድ ሥራ እንዲቀር ያዝዛል። ቀን ከሌት አልጋ ላይ መተኛት ግን ጥቅሙ አልተረጋገጠም፤ እግር ላይ ደም እንዲረጋ ስለሚያደርግ ጉዳትም አለው። ጽዳት የምትሠራ ወይም አዛውንት የምትንከባከብ ሴት ሥራዋን እንዳታጣ ትፈራለች። ሐኪም በእርግዝናው ምክንያት ቢያንስ 30 ተከታታይ ቀን ከሥራ እንድትቀር ካዘዘና ሌሎቹን መመዘኛዎች ካሟላች፣ ቢቱሕ ሌኡሚ (የእስራኤል ብሔራዊ መድን ተቋም) ለእርግዝና ጥበቃ የሚከፍለው አበል አለ። የአይረን ክኒኗን ከቡና ጋር አትውሰድ፤ ቡናና ሻይ አይረኑ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታል። ከብርቱካን ጋር ትውሰደው።

ደሙ ከተመላለሰ ሆስፒታል መተኛት ይመጣል። ኢትዮጵያ ውስጥ በብዙ ጤና ጣቢያዎች ያሉት የእናቶች ማቆያዎች የተሠሩትም በተመሳሳይ ሐሳብ ነው፤ ቤቷ ሩቅ የሆነች ነፍሰ ጡር ገንፎዋን እየበላች፣ ቡናዋን እየጠጣች በጤና ጣቢያው አጠገብ ትሰነብታለች። ከ34ኛው ሳምንት በፊት የመውለድ ሥጋት ካለ የልጁን ሳንባ የሚያጠነክር የስቴሮይድ መርፌ ይሰጣል፤ ደሟ አርኤች ኔጋቲቭ ከሆነ ሌላ መርፌ አለ። ዕብራይስጥ ገና ያልያዘች፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2020 በተጀመረው ዘመቻ ጹር እስራኤል የመጣች እናት፣ ባሏ ወይም ልጇ እንዲተረጉሙላት አትገደድ። ስለ ደም በእነሱ ፊት መናገር ስለምታፍር ዋናውን ነገር ትዘለዋለችና አማርኛ የሚችል አስተርጓሚ ትጠይቅ።

መውለጃው ኦፕራሲዮን ከሆነ ደም ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ማኅበረሰባችን በዚህ ላይ ቁስል አለበት። እ.ኤ.አ. በጥር 1996 ማሪቭ ጋዜጣ ከኢትዮጵያ ተወላጆች የተለገሰ ደም በድብቅ ሲጣል መኖሩን ገለጸ፤ ሺዎች ኢየሩሳሌም ወጥተው ተቃወሙ። ቁጣው ትክክል ነበር፤ ዛሬም ትክክል ነው። ምጥ ክፍል ውስጥ የቀረበላትን ደም ግን ማንም እናት በዚያ ቂም አትመልሰው።

በሩ እንደተሸፈነ ከቀረ ወሊዱ በኦፕራሲዮን ብቻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በ36ኛውና በ37ኛው ሳምንት መካከል፣ ምጥ ሳይጀምር። ቀደም ሲል በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት ሌላም ሥጋት አለባት፤ የእንግዴ ልጁ በጠባሳው በኩል ወደ ማሕፀን ግድግዳ ሥር ሰዶ ሊገባ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ፕሪቪያ ካለባቸው መካከል ለመጀመሪያ ጊዜ በኦፕራሲዮን በሚወልዱት 3 በመቶ፣ ለሁለተኛ ጊዜ በሚወልዱት 11 በመቶ፣ ለሦስተኛ ጊዜ በሚወልዱት 40 በመቶ ላይ ይህ እንደደረሰ አሳይቷል። ሥር የሰደደ የእንግዴ ልጅ ማሕፀኑን እስከ ማስወጣት ሊያደርስ ስለሚችል ወሊዱ ብዙ ደምና ብዙ ባለሙያ ባለበት ትልቅ ሆስፒታል ይያዛል።

ከወለደች በኋላ የአራስነቷን ወግ አያት ታውቅበታለች፤ ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ ዕረፍቱ ደም ላጣች እናት የሚገባ ነው። ከሆስፒታል ስትወጣ የሚሰጣትን የመውጫ ወረቀት ግን ታስቀምጥ። በሚቀጥለው እርግዝና የእንግዴ ልጁ ከጠባሳው የት እንዳረፈ ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት እንዲታይላት ለሐኪሟ የምታሳየው እሱን ነው።