የበርሚንግሃም ከተማና የጠገራ ብር ታሪክ

በ19ኛው መቶ ዓመት የሰቆጣ ገበያ በአሞሌ ንግድ እጅግ የታወቀ ነበረ። ከአርሆ የጨው ሜዳ የሚወጣው አሞሌ በቆላው በግመል፥ በደጋው በበቅሎና በአህያ እየተጫነ ወደ ዋግ ይደርስ ነበረ። ከምንጩ በራቀ መጠን ዋጋው ስለሚጨምር፥ ከሰቆጣ ገዝቶ ወደ ጋዝጊብላና ወደ ላስታ የሚያሻግረው ነጋዴ ትርፉን የሚያገኘው ከመንገዱ ርዝመት ነበረ። ለትልቁ ሒሳብ ግን የሚፈለገው የማርያ ትሬዛ መልክ የታተመበት ጠገራ ብር ነው። ይህ ብር በመጨረሻው ዘመን ከታተመባቸው ከተሞች አንዲቱ የእንግሊዟ የፋብሪካ ከተማ በርሚንግሃም ናት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።)

በርሚንግሃም ወደብም መርከብ የሚሄድበት ታላቅ ወንዝም የሌላት ከተማ ናት። ሆኖም የድንጋይ ከሰልና ብረት በአጠገቧ ይገኙ ነበረ። በ1769 የመጀመሪያው የጀልባ ቦይ ሲከፈት ከሰሉ በርካሽ ይደርስላት ጀመር። እንደ ሌሎቹ የቀድሞ ከተሞች የሙያ ማኅበር ሕግ ስላላሠራት፥ ሙያ ያለው ሰው ከየትም መጥቶ ሥራውን ሊያቆም ይችል ነበረ። ስለዚህ የከተማይቱ ሀብት ከጥቂት ታላላቅ ፋብሪካዎች ይልቅ በብዙ ትናንሽ የሥራ ቤቶች ላይ ተመሠረተ፤ ቁልፍ፥ ማያያዣ ዘለበት፥ ጠመንጃ፥ የብዕር ጫፍና ጌጣጌጥ ይሠራባት ነበረ።

ይሁን እንጂ የእጅ ብልኀት ለክፉም ይውላል። ሐሰተኛ ገንዘብ የሚያትሙ ሰዎች በከተማይቱ ስለ በዙ፥ ስሟ ራሱ በእንግሊዞች አነጋገር የርካሽና የማስመሰያ ዕቃ መጠሪያ ሆነ። በዚህም ቅን የሆነው ሠራተኛ ጭምር ተጐዳ፤ ዕቃው ከመታየቱ አስቀድሞ ይጠረጠር ነበረና።

ይህን ነቀፋ ለማስወገድ ከደከሙት ሰዎች ዋናው ማቲው ቦልተን የሚባለው ባለፋብሪካ ነው። በእርሱም ትጋት በ1773 ፓርላማው በበርሚንግሃም የብር ዕቃ መመርመሪያ ቤት እንዲቆም ፈቀደ፤ የተመረመረው ዕቃ የመልሕቅ ምልክት ይታተምበታል። ቀጥሎም ቦልተን ከጄምስ ዋት ጋር በሽርክና የሚሠራውን የእንፋሎት ሞተር ገንዘብ ለማተም አዋለው። በ1797 ለእንግሊዝ መንግሥት ያተመው የመዳብ ፔኒ ልክ አንድ አውንስ ይመዝን ስለ ነበረ፥ ባለሱቁ እንደ ሚዛን ድንጋይ ሊጠቀምበት ይችል ነበረ። በ1850 የቦልተን መሣሪያዎች ሲሸጡ ራልፍ ሂተን ገዝቶ የበርሚንግሃምን ገንዘብ ማተሚያ አቋቋመ፤ ይህም ድርጅት ለብዙ መንግሥታት ገንዘብ ሲያትም ኖሮ በ2003 ተዘጋ።

ጠገራ ብር ንግሥቲቱ ከሞተችበት ከ1780 በኋላ ሳይቀር ያንኑ ዓመት እንደ ያዘ ይታተም ነበረ። ክብደቱ 28 ግራም ያህል፥ ከሺሕ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። በኢትዮጵያም ወቄት የተባለው ሚዛን በዚሁ ብር ክብደት ይለካ ነበረ። የደጋው ገበሬና ነጋዴ ብሩን የሚቀበለው በራሱ ላይ ያለውን ዘውድና በትከሻው ላይ ያለውን ጌጥ ዕንቍ ሳይቀር መርምሮ ነው፤ የተፋቀውን ይመልሰዋል። ኢጣልያኖች በ1890ዎቹ ለኤርትራ፥ በ1918ም እንደ ገና ሌላ መልክ ያለው ታለሮ አሳትመው ነበረ፤ ገበያው ግን የለመደውን አልለቀቀም።

በ1935 ኦስትሪያ የብሩን ማኅተም ለኢጣልያ ብቻ አሳልፋ ስለ ሰጠች፥ በቀይ ባሕር የሚነግዱት እንግሊዞች ብር እንዳያጡ በ1936 በለንደን ማተም ተጀመረ። ፓሪስ፥ ብራስልስና ቦምቤይም አተሙ። የበርሚንግሃም ተራ የደረሰው በ1949 ነው። በዚያን ጊዜ ግን በኢትዮጵያ በ1945 የወጣው አዲሱ ገንዘብ ጠገራውን ተክቶት ነበረ። ቢሆንም የከተማይቱ ሥራ ከኢትዮጵያ ገበያ አልራቀም፤ በኢትዮጵያ አቈጣጠር 1936 ዓ.ም. የሚል ጽሑፍ ካለባቸው የመዳብ ሳንቲሞች ከፊሎቹ የታተሙት በዚያችው ከተማ ነው።

ከዚህ ታሪክ ነጋዴው ሁለት ነገር ይማራል። የመጀመሪያው፥ ከሩቅ ያለ ሻጭ የገዢውን ልማድ ሳይንቅ በጥንቃቄ መከተል እንዳለበት ነው፤ የዋግ ገበሬ የዕንቍ ነጠብጣብ ስለሚመረምር፥ በአውሮጳ የሚቀረጸው ማኅተም ያንኑ ነጠብጣብ እንዲጠብቅ ግድ ሆኗል። ሁለተኛው፥ የአንዱ ሐሰት የከተማውን ሁሉ ስም እንደሚያጐድፍ፥ ስሙም የሚታደሰው በታወቀ ምርመራና በማይለወጥ ሚዛን እንደ ሆነ ነው። ማርም ቢሆን፥ እህልም ቢሆን፥ ቆዳም ቢሆን፥ አንድ ነጋዴ ቢደባልቅ ወይም ከሚዛን ቢያጐድል ዋጋው የሚወድቀው በአገሩ ሁሉ ነጋዴ ላይ ነው።